እናቴ አብሽ ከጀመረች ወዲህ ስኳሯ ወረደ፤ ክኒኑን ትተው?

የደብረ ብርሃኗ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ስኳር ከተገኘባት 8 ዓመት ሆናት። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላሚድ ደግሞ ጠዋት ትወስዳለች። ጎረቤታችን «አብሽ ስኳርን ድራሹን ያጠፋል» ካለቻት ወዲህ፣ 3 ሳምንት ሆናት፣ በየማለዳው በባዶ ሆዷ አንድ ብርጭቆ ትጠጣለች። «መድኃኒት ነው፣ ጾም አያስገድፍም» ትላለች። ክኒኗንም በዚያው ውጣ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም።

ትናንት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ላብ አጥምቋታል፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ስጠይቃት አትመልስልኝም። በመለኪያው ሳየው 58! ሻይ ስኳር አብዝቼ ባጠጣት ተመለሰችልኝ። ጎረቤታችን ግን «ይኸው አብሹ ሠራ፣ አሁን ክኒኑን ተይው» ትላታለች፤ የእናቴም ልብ ወደዚያው አዘንብሏል። ምን ላድርግ? ቀረፋና ሽፈራውስ ይጠቅማሉ?

ሲስተር ከወሎ፦
እህቴ፣ እንኳን ደረስሽላት። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። እንደዚህ ሲገጥምሽ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጫት፣ 15 ደቂቃ ቆይተሽ ለኪ፣ ካልወጣ ድገሚላት፤ ከዚያ እህል ትብላ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አታድርጊ፣ ወደ ጤና ተቋም ሩጪ።

እንዲህ የጣላት አብሹ ብቻውን አይመስለኝም። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን እያስገደደ ኢንሱሊን የሚያስወጣ ነው፤ ሰው በላም አልበላም ሥራውን ይሠራል። እሷ ደግሞ እሱን ውጣ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፣ አብሹ በላዩ ተጨመረበት። ነገ ቁርስ ሳትበላ እሱን ክኒን እንዳትውጥ፤ ነገውኑ ሐኪሟ ዘንድ ውሰጃት። የሚቀንሰውም የሚቀይረውም እሱ ነው። በራሷ ፈቃድ ክኒን ማቆም አይሆንም።

የጣና ዳሩ፦
እኔ ከስኳር ጋር 14 ዓመት ኖሬያለሁ፤ አብሽ ከቤቴ አይጠፋም። እማማ የሚጠጡት የትኛውን ነው? ዱቄቱ ተዘፍዝፎ ሲያድር ከላይ የሚቀረውን ቢጫ መራራ ውሃ ከሆነ ዋናው እሱ አይደለም። ያ ይደፋል። ከሥር የቀረው እየተመታ ሲነጣና ሲኮፈስ የሚያሟልጨው ነገር ነው ቁም ነገሩ፤ እሱ ሆድ ውስጥ ምግቡን ይዞ ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። እንግዲህ ሆድ ባዶ ከሆነ ምኑን ይይዛል? እኔ ከምሳዬ ጋር ነው የምወስደው፤ ከምግብ በኋላ ስለካ ትንሽ ለውጥ አያለሁ፣ ክኒኔን የሚያስተወኝ ግን አይደለም። ማር ጨምረውበት ከሆነ ደግሞ ማርም ስኳር ነው! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ፋርማሲስቱ፦
ያ የሚያሟልጨው ነገር ክኒኑንም ይዞ ሊያዘገየው ስለሚችል 2 ሰዓት ያህል ያራርቁት። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር አብሽን እንደ መድኃኒት አይጀምር።

ቀረፋ ላይ ጥናቶቹ አልተስማሙም። ሻይ ላይ ጣል ማድረግ ምንም አይደለም፤ በማንኪያ እየዛቁ በየቀኑ መዋጥ ግን ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ሽፈራውን ኮንሶዎች እንደ ጎመን ቀቅለው ይበሉታል፤ እንደዚያ ከሆነ እሰየው። እኔን የሚያስፈራኝ በላስቲክ ተቋጥሮ «የስኳር መድኃኒት» ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ነው። ውስጡ ምን እንዳለ በምን ይታወቃል?

ለእናትሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ፦ ሜትፎርሚንም መነሻው ከዕፅ ነው። እንደ አብሽ ከባቄላ ወገን የሆነ፣ አውሮፓ የሚበቅል ተክል ውስጥ ከተገኘ ንጥረ ነገር ተነሥተው ነው የሠሩት። ልዩነቱ ክኒኑ ተመጥኖ መምጣቱ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስለ ቅመም ሲወራ እንጀራው ተረሳ። «ጤፍ ስኳር የለውም» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ሆድ ሲገባ ግን ወደ ስኳር ይለወጣል። እኔ ጎመኑንና ምስሩን አስቀድሜ፣ እንጀራዬን ወደ ግማሽ ዝቅ ካደረግሁ ወዲህ ከምግብ በኋላ 240 ይል የነበረው ከ180 በታች ሆኖልኛል።

ታላቅ እህት፦
ወንድሜ የልጅነት ስኳር ነበረበት። የሚጠጣ ዕፅ ተሰጥቶት ኢንሱሊኑን ተወ፤ ሳምንት ሳይሞላው ቀበርነው። ኢንሱሊንን የሚተካ ቅጠልም ቅመምም የለም። ይህን የሚያነብ ኢንሱሊን ወጊ ካለ እባክህ፣ እባክሽ አትተዉት።

የደብረ ብርሃኗ (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ታላቅ እህት፣ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሐኪሙ ግሊቤንክላሚዱን አቆመላት፣ ሜትፎርሚኑ ይቀጥላል፤ የ3 ወሩን የስኳር ምርመራም አዟል። የንስሐ አባቷ ቁርስ እንድትበላ ፈቀዱላት። ስለ ሜትፎርሚን መነሻ ስነግራት «አንቺ፣ እሱም ቅጠል ነው?» ብላ ሣጥኑን አገላብጣ አየችው። ዛሬ ጠዋት 124 ነበረች። አብሹን አልተወችም፤ አሁን ግን መትታው ከሽሮዋ ጎን ታስቀምጠዋለች፣ ያለ ማር።