ኢቲሲዲን ልከፋፍለው ወይስ ማሽን ልጨምር?
ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። መሥሪያ ቤታችን የኩበርኔቲስ ክላስተር (ፕሮግራሞችን ተካፍለው የሚያሠሩ ማሽኖች ስብስብ) አለ። ክላስተሩን የሚቆጣጠሩት ሦስት ማሽኖች (ማስተሮቹ) ላይ፣ የክላስተሩን መረጃ የሚያስቀምጠው ዳታቤዝ ኢቲሲዲም አብሮ ይሠራል። ሥራ ሲበዛ የኢቲሲዲ መሪው (ከሦስቱ ጽሑፍን የሚያስተባብረው) በየጊዜው ይቀያየራል፣ የክላስተሩን ትእዛዝ የሚቀበለው ኤፒአይ ሰርቨርም ይንቀራፈፋል። ሎጉ ላይ «አፕላይ ሪኩዌስት ቱክ ቱ ሎንግ» (ጥያቄውን መፈጸም ብዙ ጊዜ ወሰደ) የሚል ይደጋገማል።

ኔትወርኩ ደህና ነው። ዲስኩ ግን ተራ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ማለቅ ያለበት ጽሑፍ ከ100 ያልፋል። የመሪ ምርጫውን የጊዜ ገደብ ከ1000 ሚሊሰከንድ ማሳደግ ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይመስለኝም።

አለቃዬ «ማስተሮቹን አምስት እናድርጋቸው» ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። እያንዳንዱን ጽሑፍ ከግማሽ በላይ የሆኑት ማሽኖች ማረጋገጥ ስላለባቸው፣ በሁለት ፈንታ የሦስት ማሽን ማረጋገጫ መጠበቅ ነዋ!

ያሰብኩት ኢቨንቶቹን (ክላስተሩ ውስጥ የሆነውን የሚመዘግቡ አጫጭር መልእክቶች) ብቻ ወደ ሌላ ኢቲሲዲ ማውጣት ነው። የኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) በጀት እስኪፈቀድ ያዋጣል? የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ክላስተሩን ሳላቆም እንዴት ላሸጋግር?