ወንድሜ ሲመረመር ደብዛዛ መስመር ወጣ፤ እናቴ ስኳር አለባት። ምን ላድርግ?

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)፦
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ከውጭ አገር የመጣው ታላቅ ወንድሜ ከትናንት ማታ ጀምሮ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል፤ «ጉሮሮዬን በምላጭ የሚቆርጡኝ ይመስለኛል» ይላል። ይዞት በመጣው የኮሮና መመርመሪያ ስናየው የላይኛው መስመር ደምቆ፣ የታችኛው ደብዝዞ ወጣ። አለበት ማለት ነው ወይስ የለበትም? አዲስ ዝርያ ገብቷል፣ ከበፊቶቹ ሁሉ ይከፋል የሚል መልእክትም ስልኬ ላይ ደርሶኛል። እናቴ ስኳር አለባት። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ነገ ደግሞ ዘመዶቻችን «እንኳን ደህና መጣህ» ሊሉት ከዘጌ በጀልባ ይመጣሉ።

ዓባይ ማዶ፦
አይዞሽ እህቴ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ማር አፍልታችሁ ትኩስ ትኩሱን አጠጡት፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅላችሁም ይታጠን። በ2012 የእኛ ሰፈር የዳነው በዚህ ነው። ለእናትሽም ስጫቸው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ዝርያ የሚለው ቃል ስላስደነገጠሽ መጀመሪያ እርሱን ላስረዳሽ። የጣና ገዳማት ቁም ጸሓፊዎች ብራና ሲገለብጡ አንዳንድ ጊዜ ፊደል ይስቱ ነበር። ቫይረስም ራሱን ሲገለብጥ እንደዚያው ይስታል። አብዛኛው ስሕተት ከንቱ ሆኖ ይቀራል፤ ጥቂቱ ግን ቀድሞ የተያዘ ወይም የተከተበ ሰው ሰውነት እንዳያውቀው መልኩን ይለውጥለታል። ኅዳር 2014 የታወጀው ኦሚክሮን ከሰውነታችን ሕዋስ ጋር በሚጣበቅበት ሹል ክፍል ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጥ ነበረበት። ዛሬ የሚዞሩት ሁሉ የእርሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ከእነርሱ አንዱን፣ ኤንቢ.1.8.1 የሚባለውን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 15 ቀን 2017 ክትትል ከሚደረግባቸው መካከል መደበው። ይህ ድርጅቱ ዝርያዎችን ከሚመድብባቸው ሦስት እርከኖች ዝቅተኛው ነው፤ ድርጅቱም ተጨማሪ አደጋው ዝቅተኛ ነው ብሏል። በፍጥነት መዛመትና ክፉኛ ማሳመም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስልክሽ ላይ የደረሰው መልእክት ሁለቱን ቀላቅሎብሻል።

ጢስ ዓባይ፦
ኮሮና በ2015 አብቅቷል ተብሎ የለም እንዴ? ባሕር ዳር ላይ ሰው ሲያተኩሰው ወባ ነው። ዝም ብላችሁ ሰውን አታሸብሩ።

ጡረተኛው መምህር፦
ወንድሜ፣ ሚያዝያ 2015 የተነሳው ዓለም አቀፉ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ነው። በሽታው አልተነሳም።

የዘጌ ቡና፦
እኛ ዘጌዎች ጀልባ ከተሳፈርን መላሽ የለንም! ሰባት እንጀራ ተሸክመን በር ላይ ከደረስን በኋላ «አትግቡ» ብትይን ቅያሜው እስከ ጥምቀት ይዘልቃል። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውለሽ ለሳምንት አስተላልፊው። ታሟል ብትያቸው ይገባቸዋል። ቡናውን እኔ እልክልሻለሁ፤ ለብቻችሁ ጠጡት።

ሌሊት ተረኛ (ነርስ ነኝ)፦
እህቴ፣ መስመሩን ያያችሁት መመሪያው ባለው ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ደብዛዛም ቢሆን አለበት ማለት ነው። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ብቅ ያለ መስመር ግን አይቆጠርም። ዝርያው መለወጡ አያስጨንቅሽ። መመርመሪያው የሚፈልገው ብዙ የሚለዋወጠውን ሹል ክፍል አይደለም፤ ውስጠኛውን ፕሮቲን ነው።

ወንድምሽ ለብቻው ይተኛ፣ መስኮቱ ሌሊትም ይከፈት፤ ወደ እናትሽ ሲቀርብ እርሱም እሳቸውም ጭምብል ያድርጉ። ጉርሻ ለጊዜው ይቅር። የእናትሽን የስኳር መድኃኒት እንዳታቋርጡ፤ ሕመም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ ቶሎ ቶሎ ለኩ። ማሩን ለእሳቸው አትስጡ። እንፋሎቱንም ተዉት፤ በፈላ ውኃ ተቃጥለው የመጡ አይቻለሁ። አሞክሳሲሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ቫይረስ አይገድልም። ዴክሳሜታሶን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት የጠቀመው ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች ነው፤ ለሌላው አይረዳም፣ ስኳርንም ይሰቅላል። በጣት የሚለካ የኦክስጅን መሣሪያ ብትዋሱ መልካም ነው፦ ከ94 በመቶ በታች ከወረደ ወደ ሐኪም፣ ከ90 በታች ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል። ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከተጫናቸው ወይም ንግግራቸው ከተምታታ ግን ቁጥር አትጠብቁ።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። ወንድምሽ አገር ቤት ከገባ ስንት ቀኑ ነው? የት የት አደረ?

የሽምብጥ ልጅ፦
መስመሩን ያየነው ሩብ ሰዓት ሲሞላ ነው፤ ወረቀቱም እንደዚያ ይላል። ከአውሮፕላን የወረደው ከ14 ቀን በፊት ነው። ፎገራ አጎታችን ዘንድ ከሩዙ ማሳ አጠገብ አሥር ቀን ሰነበተ፤ እኛ ዘንድ የመጣው ረቡዕ ነው። ለዘጌዎቹ ደውያለሁ፤ አክስቴ አለቀሰች።

ጢስ ዓባይ፦
ፎገራ! ወባ ነው አላልኩም?

ሌሊት ተረኛ፦
ጢስ ዓባይ ግማሹን እውነት ይዟል። ወባ ትንኟ ከነከሰች በኋላ ቢያንስ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ባሕር ዳር ያሳለፋቸው አራት ቀናት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አልጠረጥርም ነበር። የፎገራ አሥር ቀን ግን ይበቃል። ኮሮና ተገኘበት ማለት ከወባ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙ ይታይ። ሲገባ ጭምብል ያድርግ፣ የኮሮናውን ውጤትም በር ላይ ይንገራቸው። የወባ መድኃኒት ሳይመረመር እንዳይውጥ።

ዓባይ ማዶ፦
ዝንጅብሉን ያለ ማር ብታደርጉትስ?

ሌሊት ተረኛ፦
ያለ ማር ይሁን፤ ጉሮሮውን ያለሰልስለታል። ምርመራውን ግን አይተካም።

የሽምብጥ ልጅ፦
ባጃጁን ይዤ ልወጣ ነው። እናቴ «ልጄን ብቻውን አልሰደውም» ብላ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ምን ልበላት?

ጡረተኛው መምህር፦
«አንቺ ከታመምሽ እርሱን ማን ያስታምመዋል?» በያት። እናት በዚህ ትሸነፋለች።

የዘጌ ቡና፦
እህታችን፣ ማታውን ስንጠብቅሽ አደርን። ደሙ ምን አለ? እናትሽስ እንዴት አደሩ?