«አጥና» ሲባል መጽሐፉን ለሚዘጋ ልጅ ምክር እጠይቃለሁ

የ17 ዓመት ልጄ በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሊወስድ ሁለት ወር ቀርቶታል። ኦቲዝም እንዳለበት ያወቅነው በ14 ዓመቱ ሲሆን፣ ሐኪሙ እንዳስረዱን ከትእዛዝ የሚሸሸው በእልኸኝነት ሳይሆን በጭንቀት ነው፤ ራሱ የሚፈልገውን ነገር እንኳ ሌላ ሰው «አድርግ» ካለው ማድረግ ያቅተዋል። ባለፈው ቅዳሜ በገዛ ፈቃዱ ባዮሎጂ ሲያነብ ደርሼ «ጎበዝ፣ በርታ» ብለው መጽሐፉን ዘግቶ ተኛ። ለካ ማሞገስም ለእሱ ትእዛዝ ኖሯል።

የጥናት መርሐ ግብር ግድግዳ ላይ ብለጥፍ በማግስቱ ተቀዶ አገኘሁት። ሽልማትም አልጠቀመም፤ አስጠኚ ብቀጥር በሦስተኛው ቀን በሩን ቆለፈበት። የሠራልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የኬሚስትሪ ጥያቄ እኔው ሞክሬ፣ ተሳስቼ፣ ወረቀቱን ረከቦቱ አጠገብ ብተወው፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ የት እንደተሳሳትኩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ። ለአራተኛ ጊዜ ስደግመው ግን ሆን ብዬ መሆኑ ገብቶት ወረቀቱን ዳግም አልነካም።

ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በመጀመሩ፣ እኔ በሌለሁበት፣ በማያውቀው አዳራሽ፣ ሰዓት ተቆጥሮበት መቀመጥን ከወዲሁ ሊለምድ ይገባዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደጋችሁ ወይም ያስተማራችሁ፣ ሰዓት የተገደበለትን የልምምድ ፈተና ምርጫው የራሱ እንደሆነ እየተሰማው እንዲሠራ ያደረጋችሁት በምን መንገድ ነው?