ከውጭ የመጣ የሲ ቢ ዲ ዘይት፦ ጠርሙሱ ላይ የተጻፉት ውህዶች ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራሉ?

የሂርማታዋ ፋርማሲስት

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ነው የምሠራው። የሚጥል ሕመም ያለባት የስድስት ዓመት ልጅ እናት፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከላትን ከካናቢስ ተክል የሚወጣ የሲ ቢ ዲ ዘይት ጠብታ ይዛ መጥታ «ይህን ከሰጠኋት የሕመሟን መድኃኒት፣ ፌኖባርቢታሉን፣ ላቁም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጅቷ 20 ኪሎ ናት። ጠርሙሱ 10 ሚሊ ሊትር ሲሆን «ሲ ቢ ዲ 5 በመቶ፣ ቲ ኤች ሲ ከ0.2 በመቶ በታች» ይላል፤ ከሥሩ ሲ ቢ ጂ እና ሲ ቢ ኤን ተጽፎበታል። ፌኖባርቢታሉን በፍጹም እንዳታቋርጥ ነግሬያታለሁ። የቀረውን ግን በልኩ ላስረዳት እፈልጋለሁ። እነዚህ ውህዶች በምን ይለያያሉ? 5 በመቶ ለእሷ ብዙ ነው ትንሽ? ከምትወስደው መድኃኒት ጋርስ እንዴት ነው?

ቦዬ

ደግ አድርገሻል። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ መንቀጥቀጡ ሳያባራ ሊቀጥል ይችላል፤ ያ ደግሞ ሕይወት ያጠፋል። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ካናቢስ ውስጥ ካናቢኖይድ የሚባሉ ከ100 በላይ ውህዶች አሉ። የሚያሰክረው በዋናነት ቲ ኤች ሲ ነው። ራፋኤል ሜሹላምና የሂኤል ጋኦኒ እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አወጡት። አንጎል ላይ የሚያርፍበት ተቀባይ ሲ ቢ 1 ይባላል። ተቀባዩ የተሠራው ሰውነት ራሱ ለሚያመርታቸው እንደ አናንዳማይድ ላሉ ንጥረ ነገሮች ነው። አንድ የነርቭ ሕዋስ ከመጠን በላይ መልእክት ሲደርሰው አናንዳማይድ ሠርቶ ወደ ላኪው ይመልስና እንዲቀንስ ያደርገዋል፤ ሥራው እንዳለቀም አናንዳማይዱ ይፈርሳል። ቲ ኤች ሲ ግን በደም ተሰራጭቶ በየቦታው ያሉትን ተቀባዮች አንድ ላይ ይነካል፣ ለሰዓታትም ይቆያል። ከአንጎል ክፍሎች ሂፖካምፐስን ሲነካ የቅርብ ጊዜ ትውስታ ይደበዝዛል፤ ሴሬቤለምን ሲነካ እርምጃ ይንገዳገዳል፤ ሃይፖታላመስን ሲነካ ረሃብ ይነሳል። ልብ ይፈጥናል፣ ዓይን ይቀላል፣ አፍ ይደርቃል። መጠኑ ሲበዛ ፍርሃትና ጥርጣሬ፣ አንዳንዴም የሌለ ድምፅ መስማት ይመጣል።

ትንፋሽን በሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ላይ እነዚህ ተቀባዮች ጥቂት ስለሆኑ «እንደ ሞርፊን ትንፋሽ አያቆምም» ሲባል ትሰሚ ይሆናል። ያ ስለ አዋቂ የሚነገር ነው። በስህተት የዋጡ ሕፃናት ግን ራሳቸውን ስተው ትንፋሻቸው እስከ መድከም ደርሷል፤ ለእናትየዋ ይህን ሳትነግሪያት እንዳትለያዩ።

ሲ ቢ ዲ ሲ ቢ 1ን እንደ ቲ ኤች ሲ ስለማይቀሰቅስ አያሰክርም። መንቀጥቀጥን የሚቀንሰው ጂ ፒ አር 55 እና ቲ አር ፒ ቪ 1 በሚባሉ ሌሎች ተቀባዮች በኩልና ነርቭን የሚያረጋጋውን የአዴኖሲንን መጠን ከፍ በማድረግ ነው ተብሎ ይታመናል። ባያሰክርም እንቅልፍ ያበዛል፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ የጉበት ኢንዛይምንም (ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረውን) ከፍ ያደርጋል።

ሲ ቢ ኤን ቲ ኤች ሲ ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲቆይ የሚለወጥበት ነው፤ ስለዚህ በቆየ ምርት ውስጥ ይበዛል። የሲ ቢ ጂ አሲድ ደግሞ ተክሉ ሌሎቹን የሚሠራበት መነሻ ነው። ሁለቱም በሰው ላይ የተጠኑት በጣም በጥቂቱ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ መጻፋቸው ለዚህች ልጅ የሚጨምርላት ነገር የለም።

አዌቱ (ክሊኒካል ፋርማሲ)

ቦዬ ያለው ትክክል ነው። እኔ ሒሳቡን ልሥራው፤ የዚህ ጠርሙስ አደጋ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

5 በመቶ ማለት በ1 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲ ቢ ዲ ነው፤ ሙሉው ጠርሙስ 500 ሚሊ ግራም ይይዛል። 20 ጠብታን 1 ሚሊ ሊትር ብንለው አንዱ ጠብታ 2.5 ሚሊ ግራም ነው። የጠብታ መጠን ግን እንደ ጠርሙሱ አፍ ስለሚለያይ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ መለካት ይሻላል።

አሁን ከእውነተኛው መድኃኒት ጋር አስተያዪው። ኤፒዲዮሌክስ የሚባለው የተጣራ ሲ ቢ ዲ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ሌኖክስ ጋስቶ እና ድራቬ ሲንድረም ለሚባሉ ከባድ የልጅነት የሚጥል ሕመም ዓይነቶች፣ በ2020 ደግሞ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ ከሚባል በሽታ ጋር ለሚመጣ መንቀጥቀጥ ተፈቅዷል። በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም አለው፤ የተበጠበጠው በሰሊጥ ዘይት ስለሆነ ሰሊጥ ለማይስማማው አይሰጥም። መነሻው በቀን 5 ሚሊ ግራም በኪሎ ለሁለት ተከፍሎ ነው፤ ለሁለቱ የመጀመሪያ ሕመሞች ከሳምንት በኋላ ወደ 10 ያድጋል። በድራቬ ጥናት ላይ በወር የነበረው የመንቀጥቀጥ ብዛት መካከለኛው ከ12.4 ወደ 5.9 ወርዷል። እነዚያ ልጆች ሌሎቹን መድኃኒቶቻቸውን አላቆሙም ነበር፤ ሲ ቢ ዲው የተሰጣቸው በላዩ ተጨምሮ ነው። እናትየዋ ለጠየቀችሽ ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ ይኸው ነው።

ለ20 ኪሎ ልጅ መነሻው በቀን 100 ሚሊ ግራም ይሆናል። በዚህ ጠርሙስ ሲለካ 2 ሚሊ ሊትር ወይም 40 ጠብታ ነው፤ ጠርሙሱ በአምስት ቀን ያልቃል። ወደ 10 ሲያድግ 80 ጠብታ ይሆንና ሁለት ቀን ተኩል ብቻ ያደርሳል። ስለዚህ አምስት አሥር ጠብታ ብትሰጣት ለመንቀጥቀጥ ከተጠናው መጠን እጅግ ያነሰ ነው። «እንግዲያው ጠብታውን እናብዛው» ከተባለ ደግሞ ቲ ኤች ሲው አብሮ ይበዛል። 0.2 በመቶ በ1 ሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በ40 ጠብታ እስከ 4፣ በ80 ጠብታ እስከ 8 ሚሊ ግራም ቲ ኤች ሲ በየቀኑ ትወስዳለች። ድሮናቢኖል የሚባለው የቲ ኤች ሲ እንክብል ለአዋቂ የሚጀመረው በአብዛኛው በ2.5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው! ጠርሙሱ ላይ ኢምንት የሚመስለው ቁጥር 20 ኪሎ ልጅ ላይ ወደ አዋቂ መነሻ መጠን ይጠጋል፣ ሲበዛም ያልፈዋል።

ያውም መለያው እውነት ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲ ቢ ዲ ምርቶች ተመርምረው መለያቸው ከይዘታቸው ጋር የገጠመው 26ቱ ብቻ ነበሩ፤ 18ቱ ውስጥ ቲ ኤች ሲ ተገኝቷል።

ከመድኃኒት ጋር ሲገናኝ፦ ሲ ቢ ዲ ጉበት ውስጥ የሚፈርሰው ሌሎች ብዙ መድኃኒቶች በሚፈርሱባቸው ኢንዛይሞች ነው፤ አንዳንዶቹንም ያግዳል። ከፌኖባርቢታል ጋር ድብታው ይደራረባል። ቫልፕሮይክ አሲድ የሚባለውን ሌላ የሚጥል ሕመም መድኃኒት ለሚወስድ ልጅ የጉበት ኢንዛይም በጣም ሊወጣ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በ1፣ በ3 እና በ6 ወር ደም መመርመር አለበት። የሚወስደው ክሎባዛም የሚባለው የሚጥል ሕመም መድኃኒት ከሆነ፣ ክሎባዛም ጉበት ውስጥ የሚለወጥበት ገባሪ ውህድ ደም ውስጥ ሦስት እጥፍ ገደማ ያድጋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ሲ ቢ ዲውን ይቀንሰዋል። ምግብም ለውጥ አለው፦ ቅቤ የበዛበት ገንፎ በልታ ከወሰደችው፣ በባዶ ሆድ ከሚገባው አራት እጥፍ ያህል ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ቦሳ

የሕጉንም ነገር አትርሱ። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 መሠረት አደንዛዥ ዕፅ ያለ ፈቃድ ማስገባትም ሆነ መያዝ ወንጀል ነው፤ ይህ ጠርሙስ ደግሞ ቲ ኤች ሲ እንዳለበት በራሱ ላይ ተጽፎበታል። መድኃኒት ቤቱ ተቀብሎ እንዳያስቀምጠው።

የሂርማታዋ ፋርማሲስት

እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደውዬላት ዛሬ ጠዋት በቁርስ ላይ 10 ጠብታ መስጠቷን ነገረችኝ፤ ከሰጠቻት ሁለት ሰዓት ሆኗታል። ልጅቷ ድብት ብሏታል፣ ስትጠራት ግን ትነሳለች። አባትየው ደግሞ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከጫት በኋላ እንቅልፍ ስለሚያጣ ማታ ማታ እኔ ልውሰደው ይላል።

አዌቱ (ክሊኒካል ፋርማሲ)

10 ጠብታ 25 ሚሊ ግራም ሲ ቢ ዲ እና፣ መለያው ካልዋሸ፣ እስከ 1 ሚሊ ግራም ቲ ኤች ሲ ነው። በአፍ ሲወሰድ ጫፍ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ውስጥ ስለሆነ ድብታው ገና ሊጨምር ይችላል። እስከ ማታ ብቻዋን አትተዋት፤ በጎኗ ታስተኛት፤ በየግማሽ ሰዓቱ ትቀስቅሳት። ካልነቃች፣ ትንፋሿ ከዘገየ ወይም ካጠረ፣ ደጋግማ ካስመለሳት፣ ወይም መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ጠርሙሱን ይዛ ትሂድ። በደንብ ሳትነቃ ምግብም ውኃም መድኃኒትም አፏ ውስጥ እንዳታደርግ። ነቅታ መዋጥ ከቻለች ፌኖባርቢታሉ በሰዓቱ ይሰጣት፤ ድብታው ከበረታ ግን ሐኪሙ ሳያያት አትስጣት። ሌላ ጠብታ የለም።

ቦዬ

ስለ አባትየው። የጫት ካቲኖን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ቲ ኤች ሲም ልብ ያፈጥናል። ስለዚህ ምርቃናውን በዚህ ለማብረድ ሲሞክር ልቡ ላይ ሌላ ጫና ይጨምራል፤ ለጥርጣሬና ለቅዠት የተጋለጠ ሰው ከሆነ ሁለቱም ወደዚያው ይገፉታል። በጨብሲ ላይ ከሆነ ድብታው ከአልኮሉ ጋር ይደመራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። የተጨሰ ቲ ኤች ሲ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰማል፤ የተዋጠ ግን ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይዘገያል፣ ሰውየው «አልሠራም» ብሎ ይደግማል። በዚህ መሐል ጉበቱ ቲ ኤች ሲውን 11 ሃይድሮክሲ ቲ ኤች ሲ ወደሚባለው ይለውጠዋል፤ ይህም ወደ አንጎል በቀላሉ የሚገባና የሚያሰክር ነው። ሁለቱ መጠኖች አንድ ላይ ሲነሱ 8 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ሌሊት የወሰደው ንጋት ላይም ሳይለቀው ባጃጁን ያስነሳል ማለት ነው። እንቅልፍ ካጣ መጀመሪያ የሚቅምበትን ሰዓት ወደ ቀኑ ያምጣውና መጠኑን ይቀንስ፤ ካቲኖን አነቃቂ ስለሆነ አመሻሽ ላይ እየቃሙ ቶሎ መተኛት አይታሰብም።