ናቫሳና ስሠራ የሚያመኝ ወገቤ ነው፣ ልተወው?

አዲስ ጀማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ዮጋ ከጀመርኩ 2 ወር ሆነኝ፣ ቤት ውስጥ ቪዲዮ እያየሁ ብቻዬን ነው የምሠራው። ያስቸገረኝ ናቫሳና ነው፣ ያ በመቀመጫ ብቻ ተቀምጦ እግርንም ደረትንም አንስቶ እንደ ጀልባ የሚሆኑት። እግሬን ሳቃና ወደ ኋላ እወድቃለሁ፣ ላለመውደቅ ስታገል ደግሞ ጀርባዬ ይጎብጣል። ሆዴ ይደክማል ብዬ ስጠብቅ የሚቃጠለው ብሽሽቴና የጭኔ ፊት ነው፣ ስጨርስ ወገቤን ይዞኝ ያድራል። ቪዲዮው ላይ 1 ደቂቃ ይቆያሉ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ 15 ሰከንድ ብደርስ ነው። አቅም ስለሌለኝ ነው ወይስ አሠራሬ ነው የተበላሸው?

ቀስ በቀስ፦
እህቴ፣ እግር ማቃናቱን ለጊዜው እርሺው። ከጭን ጀርባ ያለው ጡንቻ ካልተፍታታ፣ እግር ሲቃና ዳሌን ይጎትተዋል፣ ዳሌ ወደ ኋላ ሲያጋድል ወገብ ይጎብጣል፣ ክብደትሽም ከመቀመጫ አጥንቶችሽ ወደ ጭራ አጥንትሽ ይሄዳል። የምትወድቂው ለዚህ ነው። ብሽሽትሽ መቃጠሉም አይግረምሽ። እግርን ከሚያነሱት ጡንቻዎች ዋናው ሶአስ ይባላል፣ የሚነሳውም ከወገብ አከርካሪ ላይ ነው። ሆድ አጥብቆ ካልያዘ ሶአስ ወገብን ይዞት ይሄዳል።

ጉልበትሽን አጥፈሽ ተቀመጪና ከጉልበትሽ ጀርባ ጭንሽን በሁለት እጅሽ ያዢ። ደረትሽን አንሺ፣ ጀርባሽ እንደተቃና ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል በዪ፣ ከዚያ አንዱን እግር፣ ቀጥሎ ሌላውን አንሺ፣ ቅልጥምሽ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሲሆን በቃ። አገጭሽን አታንጋጪ፣ አንገት ላይ ይመጣብሻል። እጅሽን የምትለቂው ጀርባሽ ንቅንቅ ሳይል መቆየት ሲችል ብቻ ነው፣ ከጎበጠ ወዲያው መልሰሽ ያዢ። ለወራት እዚህ ላይ ብትቆዪም ናቫሳና እየሠራሽ ነው!

ስለ ደቂቃው ደግሞ፣ አሽታንጋ የሚባለውን ጠንከር ያለ የዮጋ ዓይነት የሚሠሩት እንኳ 5 ትንፋሽ ቆይተው ይለቁትና 5 ጊዜ ይደጋግሙታል። አንቺ በ3 ትንፋሽ ጀምሪ። ትንፋሽሽ ከተያዘ አቅምሽ እዚያ ጋ አልቋል ማለት ነው፣ ውረጂ።

ዲስክ ያስተማረኝ፦
የላይኛው መልስ ልክ ነው። እኔ ግን "ወገቤን ይዞኝ ያድራል" ያልሽው አሳሰበኝ። እኔም ሕመሙን የጡንቻ ድካም ነው ብዬ ችላ ስለው ቆይቼ ነው በኋላ ዲስክ መሆኑ የታወቀው፣ ከዚያ ብዙ ወር ምንም መሥራት አልቻልኩም። ጡንቻ ሲደክም ያቃጥላል፣ ስታርፊ ይለቃል። ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ጠዋት ድረስ ካልለቀቀ አቁመሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። አጥንቱ የሳሳ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ ሆዱን ኦፕሬሽን የሆነ ሰውም ይህን አይሞክረው።

እስከዚያ በጀርባሽ ተኝተሽ መሥራት ትችያለሽ። ጉልበትሽን አጥፈሽ ሁለቱንም እግር አንሺ፣ ወገብሽ ከወለሉ ሳይነሳ አንዱን ተረከዝ ቀስ ብለሽ አውርጂና መልሺ፣ ከዚያ ሌላውን። የሚሠራው ያው የሆድ ጡንቻ ነው፣ ወለሉ ግን ወገብሽን ይደግፍልሻል።

አዲስ ጀማሪ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ጭኔን ይዤ ስሞክረው ወገቤን አላመመኝም። አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ ቀረሁ። ከወለድኩ 8 ወር ሆኖኛል፣ እግሬን ሳነሳ ሆዴ መሀል ላይ ከላይ እስከ ታች እንደ ሸንተረር የሚቆም ነገር አለ። ጡንቻ እያወጣሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀስ በቀስ፦
እንኳን ነገርሽን! እሱ በእርግዝና ጊዜ ግራና ቀኝ የተራራቁት የሆድ ጡንቻዎች ገና እንዳልተጠጋጉ ምልክት ሊሆን ይችላል። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ ጭንቅላትሽን ብቻ ትንሽ ቀና አድርጊና እምብርትሽ ላይ፣ ከበላዩና ከበታቹ በጣትሽ ዳስሺ። 2 ጣት ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባ ክፍተት ካገኘሽ ከወሊድ በኋላ ያሉ እናቶችን የሚያይ ፊዚዮቴራፒስት ይይሽ። እስከዚያ ጭንሽን ይዘሽም ቢሆን ናቫሳና ይቅር። ተኝተሽ የምትሠሪውንም ሸንተረሩ ብቅ ሲል አቁሚ፣ ተረከዝሽን ከማውረድ ይልቅ እግርሽን ወለሉ ላይ አድርገሽ ረዘም ባለ ትንፋሽ ሆድሽን ወደ ውስጥ መሳብ ብቻ ይበቃሻል።