የጎንደር ፎቶ ክበባችን የስምንት ሳምንት ልምምድ ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ 2 (አስተያየት እስከ ዓርብ ብቻ)

ጸሐፊዋ፦
እሁድ ፋሲል ግቢ በር ላይ ቆመን የተስማማነውን ጽፌዋለሁ። ሣጥኑ ውስጥ 18,400 ብር አለ፣ እንደ አምናው ጎርጎራ ሄደን ዓሣ በልተን እንዳንመለስ ብዬ ነው የቸኮልኩት። ባጭሩ ከኅዳር 15 እስከ ጥር 11 ስምንት ሳምንት ልምምድ ብቻ። በሳምንት አንድ ቦታ፣ አንድ ሌንስ፣ 36 ፍሬም እንደ ድሮው ፊልም፣ ዲሊት ማድረግ የለም። የመጀመሪያው ቦታ ቅዳሜ ገበያ ነው። እሁድ እሁድ ሁሉም አምስት አምስት ፎቶ ይዞ ይመጣል፣ ሲተች ባለፎቶው አፉን ዘግቶ ይሰማል (ማን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል)። በብሩ አንድ የካኖን አንድ የኒኮን 50 ሚሊሜትር 1.8 ገዝተን በተራ እንይዛለን፣ የተረፈው ለሕትመት። ከዚያ ጥምቀትን አብረን አንስተን 30 ፎቶ መርጠን የምንሰቅልበት ግድግዳ እንዲሰጡን ይሄንኑ ለጽሕፈት ቤቱ እናስገባለን። ተራ ቁጥር 7 ላይ ሁሉም የካሜራውን ቀንና ሰዓት በፈረንጅ ያስተካክል ብያለሁ። በቃ።

ማራኪ፦
ለኒኮኑ ስትገዙ ዲ የሚለውን እንዳታመጡ። የኔ ዲ3100 ነው ውስጡ የፎከስ ሞተር የለውም፣ በዲው ሌንስ ኦቶፎከስ አይሠራም በእጅ ነው። ኤኤፍ-ኤስ ጂ የሚለው ነው የሚሆነን። ባለ ካኖኖቹ ምንም ችግር የለባችሁም።

ቁስቋም፦
ተራ ቁጥር 7 ምን ማለት ነው? ጥምቀትን፣ በጎንደር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር??

አዘዞ፦
ማለቱማ ግልጽ ነው። አምና ስላይድ ሾው ላይ የሆነውን ረሳኸው? የሦስታችንን ካሜራ ስናዋህድ አንተ ከተራ 9 ሰዓት ላይ ያነሳኸው 09:00 ሆኖ፣ የኔ 15:00 ሆኖ፣ የሦስተኛው ደግሞ ባትሪው ሞቶ ዓመቱ ራሱ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ታቦቱ ሳይወጣ ገብቶ አልተገኘም? እናቶች እኮ ነበሩ እዚያ፣ አፍሬ ነው የወጣሁት።

ቁስቋም፦
እና መፍትሔው የኔን ማጥፋት ነው? ለምን ሁላችሁም በኛ አታስተካክሉም? 2018 ብለህ 5 ብለህ 11 ብለህ መሙላት ነው፣ ምን ያስቸግራል።

አዘዞ፦
ወንድሜ ካሜራው ግንቦት ብሎ ነው የሚያነበው። ኮምፒውተር ላይ ስትጭነው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ከሥር ይደበቃል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ጠፋ ብዬ ሜሞሪውን ፎርማት ላደርግ ስል ነው 2010ሮቹ ውስጥ ያገኘሁት። ደግሞ ጥቅምትን 2 ካልከው 29 እና 30 የሚባል ቀን አይቀበልም፣ ፌብሩዋሪ ነው የሚመስለው። መስከረም 30 ሲነጋ 31 ይልሃል። ጳጉሜንስ የት ልታደርጋት ነው?

ፒያሳ፦
ጳጉሜን ካሜራ አይነሳም፣ ዕረፍት ነው 😂

ቁስቋም፦
ጳጉሜን ማን ፎቶ ያነሳል ብላችሁ ነው። ነገሩ የጳጉሜ አይደለም፣ የክብር ነው። የራሳችን ዘመን አቆጣጠር እያለን፣ አርባ አራቱ ታቦት ባለበት አገር፣ ዕቃ ስላልተቀበለው እኛ እንቀየር?

ጸሐፊዋ፦
ቁስቋም የኔ ወንድም፣ ፎልደሩን በፈለግነው ስም መጥራት እንችላለን። ስለ ልምምዱ አስተያየት ያለው አለ?

የድሮ ስቱዲዮ፦
ልምምዱ ጥሩ ነው። አንድ ልጨምር። ጥምቀት ላይ ሰዉ ሁሉ ነጭ ነው የሚለብሰው። ካሜራ ደግሞ ፊቱ ያለውን ሁሉ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነጩን ሲያይ ያጨልመዋል፣ ነጠላው አመድ ይመስላል ፊቱም ይጠቁራል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ ያለ ሰው ከሆነ ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን) ፕላስ አንድ ድረስ ከፍ አድርጉ። ፀሐይ በቀጥታ የመታው ነጠላ ከሆነ ግን አትንኩት፣ ይቃጠላል፣ የጥለቱ ክር ሁሉ ይጠፋል፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑ ግራፍ) ቀኝ ግድግዳ ላይ መለጠፉን እያያችሁ። ጥር ላይ ጎንደር ፀሐይ የምትወጣው ወደ 1 ሰዓት ገደማ ነው፣ ለስላሳው ብርሃን ብዙ አይቆይም፣ 3 ሰዓት ሲሆን ጥላው ዓይን ሥር ገብቷል። ከስምንቱ ሳምንት አንዱን ለዚህ ብቻ አድርጉት፣ የእናቶቻችሁን ነጠላ ገመድ ላይ ሰቅላችሁም ቢሆን።

አዘዞ፦
ጋሼ 1 ሰዓት ሲሉ በየትኛው ነው? 😄 ይኸው እኮ ነው የምለው።

ቁስቋም፦
ጋሼን አታስገባቸው። ጎንደር ውስጥ 1 ሰዓት አንድ ነው፣ ግራ የተጋባህ አንተ ብቻ ነህ። ፈረንጅ ሆነህ ቀረህ እኮ።

አዘዞ፦
እኔን ነው ፈረንጅ የምትለኝ? አዘዞ ተወልጄ? ሁለት ዓመት ሙሉ መዋጮ ሳላዛንፍ ከፍዬ፣ አምና ላፕቶፔን ሰጥቼ፣ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ያንተን የተዘበራረቀ ሰዓት አንድ በአንድ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። እንደዚህ ከሆነ ድርሻዬን ስጡኝና ልውጣ። ትራይፖዱንም የወሰደው ይመልስ እግረ መንገዱን።

ገንዘብ ያዥ፦
ድርሻ ተመላሽ አይደረግም፣ ደንቡ ላይ አለ። ትራይፖዱን በተመለከተ እኔ ምንም አላውቅም።

ፒያሳ፦
ትራይፖዱን ማንም አላነሳውም ነበር እኮ ገንዘብ ያዥ ለምን መልስ ሰጠህ 😂😂

ማራኪ፦
እኔ የገባኝን ልናገር። ካሜራው ውስጥ በፈረንጅ በ24 ሰዓት፣ ፎልደሩ ላይ በኛ። ፋይሉ ላይ ደግሞ የየሰውየው ምልክት ካልተጨመረበት አይሆንም፣ ምክንያቱም የካኖኖቻችሁ ፋይል 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል፣ የሁለት ሰው ተመሳሳይ ስም ይመጣና አንዱ አንዱን ይደመስሰዋል። እንትን እንዲያውም አንድ ቀን ቀድመን ተገናኝተን የሁላችንንም ካሜራ አንድ ስልክ እያየን ሰከንዱን ሳይቀር ብናስተካክል ያበቃል።

ጸሐፊዋ፦
ተባረክ። ረቂቅ 3 ላይ እንደዚህ ብዬ ቀይሬዋለሁ፦ «ካሜራ በፈረንጅ፣ ፎልደር በኢትዮጵያ»። ጨረስን?

ቁስቋም፦
ፎልደሩ ላይ ዓመቱ ይቅደም ወይስ ቀኑ?

ጸሐፊዋ፦
ኧረ በፈጠረህ።

አዘዞ፦
ዓመት፣ ወር፣ ቀን። 2018-05-11። እንደዚያ ካልሆነ ኮምፒውተሩ በቅደም ተከተል አይደረድረውም። እሱን እንኳ ፈረንጅ ስላለው አይደለም።

ቁስቋም፦
እኛ ስንናገር ጥር 11 ቀን 2018 ነው የምንለው። ቀኑ ከዓመቱ ይቀድማል።

አዘዞ፦
እሺ አንተ እንዳልከው ቀኑን አስቀድመን 11-05-2018 እናድርገውና ጥር 11 ከኅዳር 15 በፊት ይመጣልሃል።

ቁስቋም፦
ይምጣ።

የድሮ ስቱዲዮ፦
ልጆች፣ እኔ ስንት ዘመን ፎቶ ሠርቻለሁ፣ ቀኑን ከጀርባው በእስክሪብቶ ነበር የምጽፈው። እስካሁን ሰው ፎቶ ይዞልኝ ይመጣል፣ ጋሼ ይሄ መቼ ነው ይለኛል፣ ገልበጥ አድርጌ አነብለታለሁ። አንድ ቀን እስክሪብቶው ወደ ፎቶው ፊት ዘልቆ የአንዲት ሙሽራ ግንባር ላይ ሚያዝያ ተጽፎባት ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በእርሳስ ነው። ተዋደዱ።

አዘዞ፦
😂 እሺ ጋሼ። ቁስቋም ይቅርታ፣ ልውጣ ያልኩት ተናድጄ ነው።

ቁስቋም፦
እኔም ፈረንጅ ያልኩህ ለቀልድ ነው። ግን ቀኑ ይቅደም።

ፒያሳ፦
ዘመን አቆጣጠር ይሄን ያህል ካንገበገባችሁ ለምን ካላንደር አናሳትምም ታዲያ ሃሃ። በሁለቱም ቋንቋ፣ በሁለቱም ቀን፣ ሁላችሁም ትረካላችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ይሄ ቀልድ አይደለም። የግድግዳ ካላንደር ይሸጣል። ሆቴሎች ይወስዳሉ፣ ባንኮች ይወስዳሉ፣ ሱቁ ሁሉ ይሰቅላል። ሌንስ ገዝተን ብሩ ሌንስ ሆኖ ይቀራል፣ ካላንደር ግን ብሩን ይመልሳል። ሁለት ሌንስ ለ14 ሰው፣ ተራው ሲደርሰኝ ጥምቀት ያልፋል። እኔ በበኩሌ ድምፄን ለካላንደር ሰጥቻለሁ።

ማራኪ፦
ግን ሌንሱ እንድንማር እኮ ነው። 18-55 ዙሙን እያጎተቱ ከመቆም በእግር መሄድ እንድንለምድ ብለን አልነበር? የካሜራዎቻችን ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ 50ው በኒኮኑ 75 እንደማለት ነው፣ በካኖኑ ደግሞ 80፣ የሰው ፊት ለማንሳት አሪፍ ነው።

ቁስቋም፦
ካላንደሩ ጥሩ ሐሳብ ነው። ጥር ገጽ ላይ የኔ የፋሲል መዋኛው ይሁን፣ ልጁ ከዛፉ ሥር ላይ ዘሎ ውኃው አየር ላይ የቀረበት። አንድ ሺህኛ ሰከንድ ነው የተነሳው።

አዘዞ፦
የጥር ገጹ የኔ ነው የሚሆነው። ያንተ አግድም ዘንበል ያለ ነው።

ጸሐፊዋ፦
ቆይ እስኪ። ካላንደር ማን ወሰነ? ጥር ላይ ደርሰን የ2018 ካላንደር ማን ይገዛናል?

ገንዘብ ያዥ፦
እሱ እውነት ነው። የ2019 ይሁን። ለመስከረም እናደርሰዋለን። የማተሚያ ዋጋ የሚጠይቅ?

ፒያሳ፦
እኔ እጠይቃለሁ፣ ማተሚያ ቤት የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፣ ነገ ከሰዓት መልሱ አላችሁ።

ጸሐፊዋ፦
13 ወር 13 ፎቶ ነው የሚያስፈልገው ማለት ነው። ጳጉሜንስ?

ቁስቋም፦
ጳጉሜን በደንብ ነው የምትፈለገው። ጭጋጉን ከጎሃ ኮረብታ ላይ ሆኖ ማንሳት። ማንም አላነሳትም እስካሁን።

አዘዞ፦
ማን ፎቶ ያነሳል ብለህ አልነበር 😄

አዘዞ፦
ሌላ ነገር፣ ካላንደር ላይ የፈረንጁም ካለበት ተጠንቀቁ፣ ጥምቀት ሁልጊዜ ጃኑዋሪ 19 አይደለም። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ አንድ ቀን ይገፋል፣ 2016 ላይ ጃኑዋሪ 20 ነበር የዋለው። አንድ ቀን አሳስተን ካሳተምን ሆቴሎቹ ፊታችን ላይ ነው የሚወረውሩት። ሰንጠረዡን እኔ እሠራለሁ።

ሐሙስ

ገንዘብ ያዥ፦
ፒያሳ ዋጋው ምን ሆነ?

ዓርብ

ገንዘብ ያዥ፦
ፒያሳ?

ማራኪ፦
ትናንት አራዳ አይቼዋለሁ፣ ባጃጅ ላይ ነበር፣ እጁን አውለበለበልኝ።

ጸሐፊዋ፦
በሉ ረቂቅ 4። ስሙ «የ2019 ጎንደር በ13 ወር ካላንደር» ሆኗል። ለጽሕፈት ቤቱ የግድግዳ ጥያቄው ወጥቷል፣ በምትኩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ ሳንጠቀም እንድናነሳ ፈቃድ ይጠየቅ የሚል ገብቷል፣ የጣሪያውን መላእክት ለሽፋን የፈለጋችሁ በዝታችኋል። 18,400ው ለሕትመት ቅድሚያ ክፍያ። ሌንስ በሚቀጥለው ዓመት ይታያል። ልምምዱን «እንደ አስፈላጊነቱ» ብዬ አስገብቼዋለሁ፣ ብዙ አትቆጡኝ፣ የደገፈልኝ አንድ ሰው ነው ጋሼ። የፎልደሩ ቀን አጻጻፍ ለጠቅላላ ጉባኤ ተላልፏል።

ቁስቋም፦
ተስማምቻለሁ። የጥር ወር ፎቶ በድምፅ ይወሰን የሚል ይጨመርበት።

አዘዞ፦
በድምፅ ከሆነ ዘመዶቹን ያስመዘግባል። ሳይነገር በስውር ይሁን፣ ስም ሳይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦
የኅዳርን ያልከፈላችሁ አምስት ሰዎች አላችሁ፣ ድምፅ የለም።

እሁድ ማታ

ማራኪ፦
ረቂቅ 2ን አንብቤ ስለነበር ትናንት ቅዳሜ ገበያ ሄጄ የመጀመሪያውን ሠራሁት። ሌንስ ስላልተገዛ ኪቱን (ያንኑ 18-55 ሌንስ) 50 ላይ አድርጌ በፕላስተር አሰርኩት እንዳይጎተት። 36 ነው ያነሳሁት፣ አንድም አልደለትኩም። ወደ ሃያዎቹ ሲደርስ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ይሄን ላንሳ አላንሳ እያልኩ ሰው ያልፈኛል፣ አንዷን እናት ዶሮ ይዘው እያሳሳቁኝ እስክወስን ዶሮዋ ተሸጠች። ቤት ገብቼ ሳይ አራት ነው ደህና የሚመስል። አራቱን ለጥፌያለሁ፣ እስኪ ተቹኝ፣ አፌን ዘግቻለሁ።

አዘዞ፦
ፋይሉን በምን ስም አስቀመጥከው?

የድሮ ስቱዲዮ፦
አንደኛው ጥሩ ነው። ሁለተኛው ፎከሱ ጆሮዋ ላይ ነው የተያዘው፣ ዓይን ላይ አምጣው። ሦስተኛው የመብራት እንጨቱ ከሴትዮዋ ራስ ላይ በቅሏል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብትል ኖሮ ከኋላዋ የጆንያው ግድግዳ ብቻ ይቀርልህ ነበር። አራተኛውን ለምን እንዳነሳኸው አልገባኝም፣ አንተ ንገረኝ።

ማራኪ፦
ወደ ግራ ብዬ ነበር ጋሼ፣ በርበሬ ሻጯ ማስነጠሴን አይታ «ሂድ ወዲያ ዕቃዬ ላይ» ብላ አባረረችኝ። አራተኛዋን እኔም አላውቀውም።

የድሮ ስቱዲዮ፦
ቅዳሜ ከሷ ትንሽ በርበሬ ግዛና ተመልሰህ ቁም። እኔም እመጣለሁ፣ 2 ሰዓት ላይ፣ በኛ።