የወለድ ባንክና እስላማዊ ባንክ በኢኮኖሚ ውስጥ ያላቸው ድርሻ በእርግጥ ይለያያል?

ጠያቂ፦
መደበኛው ባንክ የቆጣቢዎችን ገንዘብ ሰብስቦ በወለድ ያበድራል፤ እስላማዊው ባንክ ደግሞ ወለድን ትቶ በንግድና በሽርክና ይሠራል ይባላል። ሁለቱም ቁጠባን ወደ ኢንቨስትመንት የሚያሸጋግሩ ከሆነ፣ ከጠቅላላው ኢኮኖሚ አንፃር ልዩነታቸው የቱ ላይ ነው? በተለይ የሙራባሃ ትርፍ ከወለድ በምን እንደሚለይ አልገባኝም። የሚያውቅ ቢያብራራልኝ አመሰግናለሁ።

ሚዛን፦
ከሙራባሃ ልጀምር። አንድ አምራች 100,000 የሚያወጣ ማሽን ፈለገ እንበል። መደበኛው ባንክ ገንዘቡን ያበድረዋል፤ ክፍያው በዘገየ ቁጥርም ወለዱ ይቆጥራል። በሙራባሃ ግን ባንኩ ማሽኑን ራሱ ከአቅራቢው ይገዛና፣ የገዛበትን ዋጋና የሚጨምረውን ትርፍ ለደንበኛው ነግሮ፣ ለምሳሌ በ120,000 በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ይሸጥለታል። ማሽኑ በባንኩ ባለቤትነት ሥር ሳለ ቢቃጠል ኪሳራው የባንኩ ነው፤ ሽያጩ ከተፈጸመ በኋላ ደግሞ ደንበኛው ቢዘገይም የተቆረጠው ዋጋ ከፍ አይልም። የመዘግየት ቅጣት ቢኖር እንኳ በተለመደው አሠራር ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ የባንኩ ትርፍ አይሆንም።

በሕግ ረገድ ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ባንኩ የንብረቱ ባለቤት ሆኖ የሚቆየው እጅግ ለአጭር ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ትርፉም ብዙውን ጊዜ የሚተመነው የገበያውን የወለድ መጠን በማየት ነው፤ ለረጅም ዓመታት ላይቦር፣ ማለትም ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበትን ወለድ የሚያሳየው የለንደን ተመን፣ መለኪያ ሆኖ ማገልገሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። በዚህ ምክንያት ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲጨምር አዳዲስ የሙራባሃ ውሎችም አብረው ይወደዳሉ።

አጥኚው፦
ሚዛን ስለ ሙራባሃ ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሥርዓቱን በዚህ ውል ብቻ መለካት ሥዕሉን ያጎድለዋል። አሕመድ አል-ነጃር እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፅ ሚት ጋምር ያቋቋሙት የቁጠባ ባንክ፣ የጀርመንን የአካባቢ ቁጠባ ባንኮች አርአያ አድርጎ፣ ከባንክ ርቀው የነበሩ ሰዎችን ገንዘብ ወደ ሥራ ለማስገባት የታሰበ ነበር። በወለድ ምክንያት ባንክ ቤት የማይገባ ሰው ባለበት ሁሉ ይህ ሚና ዛሬም ቀላል አይደለም።

ዋናው ልዩነት ያለው ግን በሙዳራባ ነው። በዚህ ውል ባለገንዘቡና ሠሪው ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ፤ ሠሪው እስካላጠፋ ድረስ የገንዘቡ ኪሳራ በባለገንዘቡ ላይ ይወድቃል። ባንኮች በብዛት ቢሠሩበት ኖሮ ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ የሠሪው የክፍያ ግዴታ አብሮ ይቀንስ ነበር። በተግባር ግን ድርሻው አነስተኛ ነው፤ ምክንያቱም ትርፉን አሳንሶ ለማሳየት ሁለተኛ መዝገብ ሊይዝ ለሚችል ሰው ገንዘብ መስጠት ብርቱ ክትትል ይጠይቃል። (የባንክ ሠራተኞች ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል።) ለቆጣቢዎችም ቢሆን፣ ገንዘባቸውን እንዳያወጡ በመስጋት፣ ብዙ ባንኮች ከመጠባበቂያ ሒሳብ እየቀነሱ ለወለድ የተጠጋ ትርፍ ያካፍሏቸዋል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያው እስላማዊ ባንኮች በ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ብዙም አልተጎዱም የሚባለው ትክክል አይደለም ማለት ነው?

የሒሳብ ሰው፦
በከፊል ትክክል ነው። ዕዳን መሸጥና መለወጥ በአብዛኛው ስለማይፈቀድላቸው፣ መደበኛ ባንኮችን ያናጉት በቤት ብድር ላይ የተገነቡ ሰነዶች በእጃቸው አልነበሩም። በቀጣዩ ዓመት የንብረት ገበያው ሲወድቅ ግን ገንዘባቸው በሕንፃና በመሬት ላይ የተከማቸባቸው እስላማዊ ባንኮች ተጎድተዋል፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናትም በ2008 የትርፋቸው ቅናሽ ከመደበኛዎቹ ያነሰ፣ በ2009 ግን የበለጠ እንደነበር ያሳያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባንክ የተቀመጠለትን ገንዘብ መልሶ የሚያበድር መጋዘን ብቻ አይደለም፤ መደበኛው ባንክ ሲያበድር አዲስ ተቀማጭ ሒሳብ ይፈጥራል፣ እስላማዊው ባንክም የአቅራቢውን ሒሳብ ሲሞላ ያንኑ ያደርጋል። የሚለያዩት ጥሬ ገንዘብ ሲያጥራቸው ነው፤ መደበኛው በወለድ ተበድሮ ያድራል፣ እስላማዊው ግን ይህ በር ስለተዘጋበት ወይ ብዙ ገንዘብ ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ ያደርጋል፣ ወይም ሱኩክ (በወለድ ምትክ ከንብረት ገቢ ድርሻ የሚያስገኝ ሰነድ) ይይዛል፣ ወይም ማዕከላዊ ባንኩ የተለየ መስኮት እንዲከፍትለት ይጠብቃል። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ እንዲህ ያለውን አገልግሎት የጀመረው በ2021 ነው።